ሾኩን መኪና ሥር ሳይገባ ጠረጴዛ ላይ ፈትኑት

(ባለፈው እሑድ ከአስጎብኚ መኪና ሾፌሮች፣ ከባለንብረቶችና ከወጣት መካኒኮች ጋር ስንሰባሰብ ያደረግሁት ንግግር ነው። ልጄ በስልኳ ቀድታው ነበር፤ እሱን እየሰማሁ እንዳለ ነው የገለበጥኩት። ሳቁንም አላወጣሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ ትሰማላችሁ? ካልሰማችሁ እጅ አውጡ። 30 ዓመት ጋራዥ ውስጥ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማይክ ባይኖርም አያቅተኝም። (ሳቅ)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እሑዳችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሾፌር እሑድ ሲያገኝ መተኛት ነው የሚፈልገው፤ አውቃለሁ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሾክ ታያላችሁ። እኔ ልጅ ሆኜ አሞርዛቶር ነበር የምንለው፤ ዛሬ ልጆቹ ሾክ ይሉታል፤ እኔም ሾክ እያልኩ ልቀጥል። ሁለቱም አዲስ ናቸው። ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን የተገዙ። ቀለማቸው አንድ፣ ቁጥራቸው አንድ። ሁለቱም ባለማዞሪያ ናቸው፤ ከ1 እስከ 9 ይቆጠራል። ስታዞሯት ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች። ስትገቡ አንዳንዶቻችሁ ስትነካኳቸው አይቻለሁ።

አንደኛው በሽተኛ ነው። የትኛው ነው? የግራው የምትሉ እስቲ እጅ አውጡ። የቀኙ የምትሉስ? ይኸው፣ ግማሽ በግማሽ! በዓይን አይታወቅማ። መጨረሻ ላይ አብረን እናየዋለን። እስከዚያ ማንም እንዳይነካብኝ።

መጀመሪያ ስለ ሾክ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። መካኒኮቹ ታግሳችሁኝ። መኪናውን የሚሸከመው ሾክ አይደለም። የሚሸከመው ሞላው ነው፣ ወይም ባሌስትራው ነው። ሞላ ግን ሞኝ ነው፤ አንዴ ከተገፋ መቆም አያውቅም፣ ሲዘል ይኖራል። "በቃህ!" የሚለው ሾኩ ነው። እንዴት ነው በቃህ የሚለው? ውስጡ ዘይት አለ። ፒስተኑ ያንን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ያሳልፈዋል። ዘይቱ በጠባብ ሲያልፍ ይሞቃል። የመንገዱ ጉልበት ሙቀት ይሆንና በሾኩ ገላ በኩል ወደ አየር ይወጣል። ይቺን ሙቀት ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ባለማዞሪያ ሲሆን ልዩነቱ ምንድነው? ማዞሪያዋ ያቺን ቀዳዳ ታጠባታለች ወይም ታሰፋታለች። ስታጠቡት ይጠነክራል፣ ስታሰፉት ይለሰልሳል። ከተማ ውስጥ ባዶ ስትሄዱ ለስላሳ፤ ጣራ ላይ ጄሪካንና ድንኳን ጭናችሁ ገጠር ስትወጡ ጠንካራ። ጥሩ ነገር ነው። እኔም እወደዋለሁ። ግን ተራው ሾክ ላይ የሌለ አንድ ተጨማሪ የሚበላሽ ነገር አለው። ያ ነገር ደግሞ ሲበላሽ አይናገርም።

እንዴት እንደማይናገር ልንገራችሁ። 2003 ዓ.ም. ነው። አንድ የማከብረው ሾፌር ጓደኛዬ ሃርድቶፕ ይዞ መጣ። ለኋላው ሁለት አዲስ ባለማዞሪያ ሾክ ገዝቷል። ነገ ጠዋት እንግዳ ይዞ ወደ ኦሞ ይወጣል። ቸኩሏል። እኔም ቸኮልኩ። ሳጥኑን ቀደድን፣ ገጠምን፣ ዳዶውን አሰርን፣ ሁለቱንም 7 ላይ አደረግናቸው። ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ጨረስን። እኔም አብሬ እንድሄድ ጠየቀኝና ሄድኩ። እግዜር ሲፈልግ እንዲህ ነው፤ የሠራሁትን በዓይኔ እንዳየው ነው የወሰደኝ።

ከወይጦ በአርቦሬ ወደ ቱርሚ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁት አላችሁ? አላችሁ። ያኔ ከላይ እስከ ታች እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ፒስታ ነበር። መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ጥርስ ይጋጫል። ትንሽ እንደሄድን ኋላዋ ወደ ግራ መወርወር ጀመረች። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ! ጓደኛዬ "ጎማ ነው" አለ። ወርደን አየን፤ ጎማው ደህና ነው። ሥር ገባሁ። እጄን ወደ ቀኙ ሾክ አስጠጋሁ፤ ሳልነካው ይፋጃል፣ እንደ ጀበና። ወደ ግራው ዞርኩ። ፈራ ተባ እያልኩ ነካሁት። ቀዝቃዛ! ጥላ ሥር የዋለ ጠርሙስ በሉት።

ሙቀቷን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። የሚሠራ ሾክ ይሞቃል። የማይሠራ አይሞቅም። የግራው ማዞሪያ 7 ይላል፣ ውስጡ ግን ምንም አልያዘም። የሁለቱን ሥራ ቀኙ ብቻውን ሲሠራ ነበር። ቱርሚ ስንደርስ ቀኙም ዘይቱን መትፋት ጀመረ። ገባችሁ? የታመመው ጤነኛውን ገደለው። አንድ ብልሽት ይዘን ወጣን፣ በሁለት ብልሽት ተመለስን።

አዲስ አበባ ገባንና ወደ ሸጠልን ሰው ሄድን። ምን ያለን ይመስላችኋል? "አባቴ፣ እኔ አዲስ ዕቃ ነው የሸጥኩት። እናንተ ገጥማችሁታል፣ ጭቃ ነክቶታል፣ ዳዶ ነክሶታል። መንገድ ነው ያበላሸው።" ከጭንቅላቱ በላይ ደግሞ ያቺ የምታውቋት ጽሑፍ ተለጥፋለች። ምን ትላለች? (ከታዳሚው፦ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም!") ይኸው፣ ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቋታላችሁ።

ተናደድኩበት። ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ምን ማስረጃ አለኝ? ስንገጥመው ታሞ ነበር ወይስ መንገድ ላይ ታመመ? እኔ ራሴ አላውቅም! ከመግጠሜ በፊት አልፈተንኩትማ። ከመግጠሜ በፊት! ይቺን ቃል ዛሬ እስክትሰለቹ እደጋግማታለሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው ማየት፣ ሁለተኛው መግፋትና መሳብ፣ ሦስተኛው ማዞሪያዋን መመርመር።

ማየቱን ቶሎ ልለፈው፤ የምታውቁት ነው። ሳጥኑ ላይ ያለውና ገላው ላይ የታተመው ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ። ከአሮጌው ጎን አስቀምጡት፤ ተዘርግቶ ርዝመቱ፣ የቡሹ ቀዳዳ ስፋት። ሰርጎድ ያለ ቦታ ካለው ተዉት። በተለይ ባለ አንድ ቱቦ የጋዝ ሾክ፣ ማለትም ከዘይቱ ሌላ የታመቀ ጋዝ ያለበት፣ ከሆነ ፒስተኑ የሚሄደው በዚያው በምታዩት ግድግዳ ላይ ነው፤ ግድግዳው ከሰረጎደ ፒስተኑ ይያዛል። ከገላው የሚወጣው የሚገባው ዘንግ ላይ ጭረት ካለ አትቀበሉ። ዘንጉ አካባቢ ቀጭን የዘይት ወዝ ብታዩ አትደንግጡ፤ ሲገጣጠም የተቀባ ሊሆን ይችላል። በጨርቅ ጥረጉት፣ አቁማችሁ አሳድሩት። ጠዋት ደረቅ ከሆነ ደህና ነው። ከወረደ፣ በሽተኛ ነው።

ስለ ዘንግ ስናወራ፣ ፒንሳ! እባካችሁ ልጆች! ዘንጉን በፒንሳ አትያዙ። ዳዶው አልታሰር ሲል ዘንጉ አብሮ ይዞራል፤ ልጁ በፒንሳ ይነክሰዋል። የነከሰበት ቦታ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎማ በየምልልሱ ይቆርጠዋል። በአንድ ወር ውስጥ ሾኩ ያለቅሳል። ከዚያ "ፎርጅድ ነው" እንላለን። ፎርጅዱ ማነው? (ሳቅ) ሞርሳ ላይም ስታስሩት የታችኛውን ጆሮውን፣ መኪናው ላይ የሚታሰርበትን ቀለበት፣ ብቻ ነው፤ ገላውን አይደለም።

ሁለተኛው፣ መግፋትና መሳብ። እዚህ ላይ የራሴን ውርደት ልንገራችሁ።

ልጅ ነበርኩ፣ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አለቃዬ ሾክ ግዛ ብለው ላኩኝ። አመጣሁ። ሳጥኑን ከፍቼ ስገፋው ገና ሲጀምር ባዶ ነው። ሹልክ ይላል፣ ከዚያ ይይዛል። ስስበውም እንደዚያው። "አታለለኝ!" አልኩ። ሮጬ ተመለስኩ፣ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ጮህኩ፤ ሰው ሰበሰብኩ። ባለሱቁ ሽማግሌ ናቸው። ምንም አላሉኝም። ሾኩን ተቀበሉኝ፣ ቀጥ አድርገው አቆሙት፣ እስከ መጨረሻው ገፉት፣ ቀስ ብለው ሳቡት፣ ገፉት፣ ሳቡት። አምስት ስድስት ጊዜ። ከዚያ "እንካ ልጄ፣ አሁን ሞክረው" አሉኝ። ሞከርኩት። ባዶው ቦታ ጠፍቷል! የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እኔን ያያል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ምን ነበር የሆነው? ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ፣ ቱቦ ውስጥ ቱቦ ያለው፣ በጎኑ ተኝቶ ሲከርም አየር ወይም ጋዙ ወደሚሠራው ክፍል ይገባል። ይህ ዕቃ ደግሞ በመርከብ፣ በኮንቴነር፣ ስንት ወር ተኝቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት አሠሩት። መኪናው ላይ በሚቆምበት አቅጣጫ አቁሙት፣ ሙሉ በሙሉ ግፉት፣ ሙሉ በሙሉ ሳቡት፣ ደጋግሙት። አሁንም ባዶ ቦታው ካልጠፋ፣ ያኔ በሽተኛ ነው በሉ። ባለ አንድ ቱቦው ይህ አያስፈልገውም፤ እሱ ውስጥ ጋዙና ዘይቱ በተንሳፋፊ ፒስተን ተለያይተው ነው የሚኖሩት። እሱ ከሳጥን ወጥቶ ባዶ ቦታ ካለው፣ ወደ ሱቅ ነው።

የጋዝ ሾክ በማሰሪያ ታስሮ ይመጣል አይደል? ማሰሪያውን ስትፈቱት ራሱ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ካልወጣ ጋዙ የለም ማለት ነው። ግን ከመፍታታችሁ በፊት ማሰሪያው እንዳለ ፎቶ አንሱት፤ "ፈተኸዋል፣ ተጠቅመህበታል" የሚል ሰው አይጠፋም። ሲፈታ ደግሞ ፊታችሁን ከዘንጉ አቅጣጫ አርቁ።

ሦስተኛው። ዋናው ይኼ ነው። ማዞሪያዋ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ቀጭ የሚለው ድምፅ ከየት ነው የሚመጣው? ከቀዳዳው? አይደለም! ማዞሪያዋ ውስጥ ትንሽ ኳስና ትንሽ ሞላ አለ፤ ኳሷ ጎድጓዳ ውስጥ ስትገባ ነው ቀጭ የሚለው። ቀዳዳውን የሚያጠበው ሌላ ቀጭን ዘንግ ነው፣ ውስጥ ያለ። ያ ቀጭን ዘንግ ቢሰበር፣ ወይም ከማዞሪያዋ ቢላቀቅ፣ ቀጭ ማለቱ ይቀራል? አይቀርም! ቀጭ የማዞሪያዋ ድምፅ ነው እንጂ የሥራው ድምፅ አይደለም። የእኛው የቱርሚው ሾክ ይኼ ነበር የሆነው። ደህና አድርጎ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ነበር።

ስለዚህ ጆሮ አይበቃም። ማዞሪያዋን የመጨረሻው ለስላሳ ላይ አድርጉና ግፉ፣ ሳቡ። ከዚያ የመጨረሻው ጠንካራ ላይ አድርጉና ግፉ፣ ሳቡ። መሳቡን አትርሱ! ብዙዎቹ ማዞሪያዎች የሚቀይሩት ሾኩ ሲወጣ ያለውን ጥንካሬ ነው፤ ሲገባ ያለው ያው ሊሆን ይችላል። ገፍቶ ብቻ "አልተቀየረም" ያለ ሰው ጤነኛ ሾክ ይመልሳል። 4ን ከ5 ጋር አታወዳድሩ፤ በእጅ አይለይም። ጫፉን ከጫፉ ጋር ነው።

እጅ ግን ይዋሻል። ጠዋት በርትቷል፣ ማታ ደክሟል። አለቃዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያስተማሩኝ ዘዴ አለ። ሾኩን ግፉትና የላይኛውን ጆሮ ከጣራ ብረት ላይ አንጠልጥሉ፤ ታች 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጄሪካን እሰሩበት። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ ሚዛን አያስፈልግም። ከዚያ ልቀቁትና ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ቁጠሩ። መጀመሪያ ለስላሳው ላይ፣ ቀጥሎ ጠንካራው ላይ። ጤነኛው ሁለት የተለያየ ቁጥር ይሰጣችኋል። ማዞሪያው የሞተበት አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ሁለቱን ሾክ ደግሞ እርስ በእርስ አስተያዩ፤ በአንድ አክስል ላይ የሚገጠሙ መንትዮች ናቸውና መቀራረብ አለባቸው።

ማዞሪያው ውጭ የማይታይ ሾክም አለ። የሆላንዱን ኮኒ ታውቃላችሁ? በአውሮፓ አቆጣጠር 1857 ሲጀምር የፈረስ ጋሪ ዕቃ ነበር የሚሠራው። ከጋሪ ተነስቶ ነው ሾክ ጋ የደረሰው፤ ፈረሱም መኪናውም ያው መንገድ ነው ችግራቸው። (ሳቅ) ብዙዎቹ ቀያይ ኮኒዎች የሚስተካከሉት እስከ መጨረሻው ተገፍተው፣ ዘንጉ ታች ካለው ቫልቭ ጋር ሲነካከስ ተዟዙረው ነው። መኪናው ላይ ሆኖ አይሆንም። እንደዚህ ዓይነቱ ከገባ በኋላ "እስቲ ላጥብቀው" ብትሉ ማውጣት ነው። ስለዚህ ማስተካከልም መፈተንም ያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ሁለቱንም እስከ ለስላሳው መጨረሻ መልሱና ከዚያ እኩል ዙር ቁጠሩ። በኤሌክትሪክ የሚስተካከሉትን ደግሞ ባትሪ አምጥታችሁ ቀጥታ 12 ቮልት አትስጧቸው፤ ታቃጥሏቸዋላችሁ። እሱ በኤሌክትሪክ መለኪያ ነው የሚለካው፤ የሁለቱ ንባብ ተቀራራቢ መሆን አለበት።

ሦስት አልኩ፣ አራተኛ አለ ለካ። ታሞ ከተገኘስ?

አትክፈቱት! ይቺን ለወጣቶቹ ነው። "ዘይቱን ልቀይረው፣ በድሪል ልብሳው" የሚል አለ። ባለ አንድ ቱቦው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ግፊቱ ከጎማችሁ 10 እጥፍ ገደማ ነው። ጎማ ሲፈነዳ አይታችኋል? የዚያን ግፊት በ10 አባዙት። አትብሱት፣ አትበይዱት፣ እሳት አታስጠጉት። ደግሞ ራሳችሁ ከከፈታችሁት ማን ይመልስላችኋል?

ዘይት ሳታስነኩት፣ ብሎን ሳታስነክሱት ወደ ሳጥኑ መልሱት። የጄሪካኑን ፈተና በስልክ ቅዱ፤ ማዞሪያዋ ያለችበት ቁጥር ይታይ፣ ሴኮንዱ ይታይ። ደረሰኝ ያዙ። ደረሰኝ ያልተቀበላችሁ... እሱን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ትንሽ ብር ይቀነስልን ብለን ነው። (ሳቅ) ከዚያ ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዱን ብቻ አይደለም። ጤነኛው ነው ምስክራችሁ።

"የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ቢላችሁስ? ወረቀቱን የለጠፈው እሱ ነው፤ ሕግ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ገዢውን ዕቃውን እንደተመቸው ወዲያው እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘ ሳይቆይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዘዋል። እኔ በ1952 አልተወለድኩም፤ ሕጉ ግን ከመግጠማችሁ በፊት እዩት እያለ ነበር! ስለዚህ ሾክ ገዝታችሁ ጋራዥ ጥግ ሁለት ወር አታስቀምጡ። የገዛችሁ ዕለት ፈትኑት። ስትሄዱም በጨዋ ደንብ። እኔ እንደ ልጅነቴ በር ላይ ቆሜ ብጮህ ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ የመለስኳቸውን አንዱንም አልቀበልም ይሉኝ ነበር። አሁን ቪዲዮውን አሳያለሁ፣ "ጋሼ፣ አብረን እንየው" እላለሁ። ብዙው ነጋዴ እኮ ዕቃው መታመሙን አያውቅም፤ እሱም በሳጥን ነው የገዛው።

አንድ ሰው እጁን አውጥቷል። እሺ ወንድሜ። ... "መንገደኛ ሆኜ ጊዜ ባይኖረኝስ?" ነው የሚለው። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የምለው፣ አሮጌውን ገጥመህ ውጣ። ተራ ሾክ ካለህ ተራውን ግጠም። ያልፈተንከውን ባለማዞሪያ ግን ለነገ ጠዋት ጉዞ አትግጠም። እኔና ጓደኛዬ ያኔ ጊዜ የለንም ብለን የዘለልነው ሥራ ግማሽ ሰዓት አይሞላም ነበር። ቱርሚ ላይ ሾክ ስንጠብቅ ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ እንግዶቹ በሌላ መኪና ሄዱ።

እሺ፣ አሁን ወደ ጠረጴዛው። እዚያ በሩ ጋ ያለውን ብረት ታያላችሁ? ለዚሁ ነው ያስመጣሁት። ጄሪካኑም ሞልቷል። አንተ ባለ ቀይ ሹራቡ፣ ና ወዲህ። አንቺም ልጄ፣ ስልክሽን ሰዓት ላይ አድርጊውና ነይ። ግራው ይቅደም። ለስላሳው ላይ ነው፣ 1 ይላል፣ ሁላችሁም እዩት። ማሰሪያውን አጥብቀው፣ እግርህ ላይ እንዳይወድቅ። ዝም በሉ፣ ዝም በሉ እንቁጠር። ዝግጁ ነሽ? በል፣ ልቀቀው!